33ኛ ዲግሪ ምንድን ነው?

ባለፈው ሳምንት የአክስቴ ልጅ በቤተሰብ የቴሌግራም ግሩፕ አንድ ቪዲዮ ለቀቀ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ጎንደር የመጣው ዓባይን ፍለጋ አልነበረም ይላል ተራኪው፣ ከኋላው የሚያስፈራ ሙዚቃ እየደለቀ። ሰውየው «33ኛ ዲግሪ የደረሰ ፍሪሜሶን» ነውና መጽሐፈ ሄኖክን እንዲወስድ ተልኮ ነው አለ። ከዚያ 33 ቁጥር በቀይ ብልጭ ድርግም አለች። እናቴ የሚጸልዩ እጆች ላከች።

ሥራዬ የድሮ ሰነድ ነው። የ18ኛው ክፍለ ዘመን ማኅበራትን ደብዳቤ፣ ቃለ ጉባኤና የአባላት መዝገብ ስገልጥ ነው የምውለው። ፍሪሜሶን ምሥጢራዊ ሥርዓት ያለው የወንድማማቾች ማኅበር ነው፤ እኔ አባል አይደለሁም፣ የመሆን ሐሳብም የለኝም። ግን ይቺን «33ኛ ዲግሪ» በየቪዲዮው ስሰማ ስንት ጊዜ ችዬ አለፍኩ። የአሁኑ በዛብኝ።

ከብሩስ ልጀምር። ፍሪሜሶን ነበር፣ ይሄ እውነት ነው። በ1753 ኤዲንብራ ውስጥ ካነንጌት ኪልዊኒንግ የሚባል ሎጅ ገብቷል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው። ሎጅ ስልም ላንጋኖ ዳር ያለውን አይደለም፤ ማኅበሩም መሰብሰቢያ ቤቱም በዚሁ ስም ይጠራሉ።) ጎንደር የደረሰው በ1770 ነው። የሞተው በ1794። 33ኛ ዲግሪን የሚሰጠው ምክር ቤት ደግሞ የተቋቋመው በ1801። ሰውየው አፈር ከለበሰ ሰባት ዓመት ሆኖት ነበር።

ይሄን አንድ ዓመት ያዙልኝ። 1801። ጆርጅ ዋሺንግተን «33ኛ ነበር» ሲባል ትሰማላችሁ። ዋሺንግተን በ1753 ሦስተኛ ዲግሪውን ያዘ፣ በ1799 ሞተ። ሞዛርት በ1784 ቪየና ውስጥ ገባ፣ በ1791 ሞተ። ቤንጃሚን ፍራንክሊን በ1790። ሁሉም ፍሪሜሶን ነበሩ። አንዳቸውም ግን 33ኛ ሊሆኑ አይችሉም። በዚያ ዘመን የኖረን ሰው 33ኛ የሚያደርግ ተራኪ ካጋጠማችሁ፣ ሌላውን ወሬውንም ከየት እንዳመጣው ገምቱ።

ግራ የሚያጋባን «ዲግሪ» የሚለው ቃል ይመስለኛል። እኛ ዲግሪ ስንል የዩኒቨርሲቲውን ነው። ቁጥሩ ሲጨምር ዕውቀቱም ደመወዙም አብሮ ይጨምራል። ሦስተኛው ሰውን ዶክተር ካደረገ፣ 33ኛውማ ምን ሊያደርግ ነው!

እሺ፣ በዩኒቨርሲቲው እንሂድ። የፍሪሜሶን ሎጅ ያለው ሦስት ዲግሪ ብቻ ነው። ተለማማጅ፣ የሙያ ባልደረባ፣ ማስተር ሜሶን። አራተኛ የለም። ሦስተኛውን የያዘ ሰው ጨርሷል። ሎጁን መምራት ይችላል፣ የሎጆች የበላይ የሆነው የታላቁ ሎጅ መሪም መሆን ይችላል፤ ከእሱ በላይ የሚያዝዘው ዲግሪ የለም። ከ4 እስከ 33 ያሉት የሌላ ግቢ ናቸው። ግቢው ስኮቲሽ ራይት ይባላል። ሦስተኛ ዲግሪውን የያዘ ሰው፣ ደስ ካለው፣ በትርፍ ጊዜው እዚያ ሄዶ የሚወስደው ተጨማሪ ስልጠና በሉት።

አጎቴ ሳሎን ውስጥ አንድ ግድግዳ አለ። መሃል ላይ ጋውን ለብሶ የተነሳው የምረቃ ፎቶ ተሰቅሏል። ዙሪያውን ሰርተፍኬት ነው። የአመራር ክህሎት፣ የሦስት ቀን። የመጀመሪያ ሕክምና እርዳታ፣ የአምስት ቀን። የዶሮ እርባታ፣ ከፎቶ ጋር። ሁሉም አንድ ዓይነት ወርቃማ ፍሬም አላቸው። አንድ የሠፈር ልጅ ቆጥሮ «ጋሼ ዘጠኝ ዲግሪ አላቸው» ብሎ ወጣ። ቪዲዮ ሠሪዎቹ የሚቆጥሩት እንደዚህ ልጅ ነው።

አወሳሰዱም ከስልጠና ብዙ አይርቅም። አሜሪካ ውስጥ ከ4 እስከ 32 ያሉት ብዙ ጊዜ በአንድ ወይም ሁለት ቅዳሜና እሁድ ያልቃሉ። አዲሶቹ አባላት አዳራሽ ውስጥ ተደርድረው ይቀመጣሉ፣ መድረክ ላይ ልብሰ መንግሥት የለበሱ ሽማግሌዎች ድራማ ይሠራሉ። ሁሉም ዲግሪ እንኳ አይታይም፤ የተወሰኑት ይመረጣሉ። እንግሊዞች ደግሞ ብሰዋል። 18ኛውን በሥርዓት ይሰጣሉ፣ ከ4 እስከ 17 ያሉትን ግን ስማቸውን ጠርተው ያልፋሉ። ሰልጣኙ ገና ወንበር ሳያሞቅ አሥራ አራት ሰርተፍኬት።

33ኛዋስ? እሷ የክብር ዶክትሬት ናት። ተምሮ አይደረስባትም። ምክር ቤቱ ለረጅም አገልግሎት ብሎ የመረጠውን ሰው ይሸልምባታል። ዋና ጽሕፈት ቤቱ ዲሲ ባለው በስኮቲሽ ራይት የአሜሪካ ደቡብ ምክር ቤት ደንብ ራሱ የጠየቀ አያገኛትም። (የእኛዎቹ የክብር ዶክተሮችም ይህ ደንብ ቢኖርባቸው ኖሮ... ይቅር።) ባለ 33ኛው ወደ ሰፈሩ ሎጅ ሲመለስ እንደማንኛውም አባል ነው። መዶሻውን የያዘው ሰብሳቢ ባለ ሦስተኛ ዲግሪ የቧንቧ ሠራተኛ ቢሆን፣ ቁጭ በል ሲለው ቁጭ ይላል።

ምሳሌዬ እዚህ ጋ ትሰነጠቃለች፣ ልደብቅ አልችልም። የአጎቴ ዲግሪ ነገ ቢሰረዝ የዶሮ እርባታ ሰርተፍኬቱ አይነካም። ፍሪሜሶን ውስጥ ግን ሎጅህ ካባረረህ 33ኛህም አብሮ ይሄዳል። ታችኛው ነው ላይኛውን የተሸከመው። አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፣ አለበለዚያ የሙያ ባልደረቦቼ ይስቁብኛል። 33ኛ ሁለት ዓይነት ነው። አብዛኛው የክብር ነው። ጥቂቶቹ ግን የምክር ቤቱ ድምፅ ያላቸው አባላት ናቸው፣ ስኮቲሽ ራይትን በእርግጥም የሚያስተዳድሩት እነሱ ናቸው። ስኮቲሽ ራይትን፣ ማለትም ያንን የስልጠና ግቢ። ዓለምን አላልኩም።

ቁጥሯ ከየት መጣች? እውነቱ ትንሽ ያሳፍራል። ስኮቲሽ የተባለው ከስኮትላንድ ስለመጣ አይደለም። ፈረንሳዮች በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከሦስቱ በላይ አዳዲስ ዲግሪ ሲፈጥሩ «ስኮትላንዳዊ» ይሏቸው ነበር። ስሙ ክብር ያለው ይመስል ነበርና። ኤቲየን ሞረን የሚባል ነጋዴ 25 ዲግሪ ያለውን አንድ ጥቅል ወደ ካሪቢያን ደሴቶች ወሰደ። የዚያ ሥርዓት የእጅ ጽሑፍ፣ በ1783 የተጻፈው፣ ዛሬም አለ። እኔ ካየኋቸው ሁሉ ንጹሕ የሚባል ሰነድ ነው። በግንቦት 1801 ሳውዝ ካሮላይና፣ ቻርልስተን ከተማ ውስጥ ጥቂት ሰዎች ተሰበሰቡ። ኮሎኔል ጆን ሚቸል እና ሐኪሙ ፍሬድሪክ ዳልቾ ከመሥራቾቹ ነበሩ። በ25ቱ ላይ ስምንት ጨመሩ። 33 ሆነ። ይኸው ነው።

ሥልጣን የሚሰጣቸው ወረቀት ደግሞ ያስፈልግ ነበር። የፕሩሲያው ንጉሥ ታላቁ ፍሬድሪክ በግንቦት 1786 የፈረመው ሕገ ደንብ አለን አሉ። ንጉሡ በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ሞቷል፣ በጠና ታሞ ነበር። የታሪክ ሰዎች ሰነዱን አይቀበሉትም፣ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። የዘር ሐረግን ወደ ላይ መቀጠል እኛም አገር የሚታወቅ ሙያ ስለሆነ ብዙ አልፈርድባቸውም።

ስለ ቀን አንድ ማስጠንቀቂያ። የእነዚህ ሰዎች ሰነድ ላይ 5801 የሚል ዓመት ብታዩ ወደፊት የተጻፈ ትንቢት እንዳይመስላችሁ። ሎጆች በፈረንጁ ዓመት ላይ 4000 ይደምራሉ። ስኮቲሽ ራይት ደግሞ በአይሁድ አቆጣጠር ስለሚሄድ 3760 ይደምራል። እኛ በዓመተ ዓለም 5500 እንደምንደምረው ማለት ነው። አንዱን ሰነድ በሌላው ስሌት የፈታ ሰው በ240 ዓመት ይስታል። እኔም ጀማሪ ሳለሁ አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ በዚህ አቃጥያለሁ።

ይህን በአጭሩ ከቪዲዮው ሥር ጻፍኩ። አንድ ሰው ወዲያው መለሰልኝ። «አንተ የምትለው ለታችኞቹ የሚነገረውን ነው። እውነቱን የሚያውቁት ላይ ያሉት ናቸው። አልበርት ፓይክ ራሱ አምላካችን ሉሲፈር ነው ብሏል» አለኝ። ጥቅሱንም ከነቀኑ ለጠፈው፤ ጁላይ 14 ቀን 1889።

ወንድሜ፣ ይህቺን ጥቅስ አውቃታለሁ። ፓይክ በ1859 የደቡብ ምክር ቤት መሪ ሆኖ እስከ ሞተበት 1891 የቆየ ሰው ነው። ብዙ ጽፏል፣ ብዙውም ያንቀላፋል። ይህች ጥቅስ ግን ከሞተ ከሦስት ዓመት በኋላ ፈረንሳይ ውስጥ የታተመች ናት፣ ምንጯም የሊዮ ታክሲል ሰፈር ነው። ታክሲል ካህናትን በመሳደብ ኑሮውን የሚገፋ ጸሐፊ ነበር። በ1885 «ንስሐ ገባሁ» አለና ስለ ፍሪሜሶን ሰይጣን አምልኮ መጽሐፍ በመጽሐፍ ላይ አወጣ። ዲያና ቮን የምትባል ከዚያ ያመለጠች ሴት አለችኝ አለ። ሰዉ ሁሉ ልያት እያለ አስጨነቀው። ሚያዝያ 19 ቀን 1897 ፓሪስ በሚገኘው የጂኦግራፊ ማኅበር አዳራሽ ይዣት እመጣለሁ ብሎ ቀጠረ። ካህናትና ጋዜጠኞች አዳራሹን ሞሉት። ብቻውን መድረክ ላይ ወጣና አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ስቀልድባችሁ ነበር አላቸው። የወሬው ባለቤት ራሱ ከካደ 120 ዓመት አልፎታል። ጥቅሷ ግን ይኸው የእኛ ግሩፕ ደረሰች።

«ላይ ያሉት ያውቃሉ» የሚለውስ? እሺ፣ ቁጥር ሥልጣን ከሆነ 33 በጣም ትንሽ ናት። የሚስራይም ሥርዓት የሚባል ሌላ የፍሪሜሶን ግቢ አለ፣ 90 ዲግሪ አለው። የጣልያኑ ጋሪባልዲ በስተርጅናው የሜምፊስና የሚስራይም 97ኛ ተብሎ ተሹሟል። ዘጠና ሰባት! ስዊድኖች ደግሞ አሥር አካባቢ ላይ ያቆማሉ። እንግዲህ ማን ማንን ያዝዛል?

የዲሲ ልጆች ይህን በእግራችሁ ልታዩት ትችላላችሁ። ከዩ ስትሪት ትንሽ ዝቅ ብሎ 16ኛው ጎዳና ላይ ትልቅ ነጭ ሕንፃ አለ፣ ሁለት ስፊንክስ ደጁን የሚጠብቁት። በ1915 የተመረቀው የደቡብ ምክር ቤት ዋና ጽሕፈት ቤት ነው። ዙሪያውን 33 ዓምዶች ቆመዋል፣ እያንዳንዳቸው 33 ጫማ። ቁጥሯን እነሱም ይወዷታል፣ ይሄን አልክድም። ለጎብኚ ክፍት ነው፣ ያስጎበኛሉ። ከዚያ ወደ 10ኛውና ዩ ጥግ ኑ፣ የእኛ ምግብ ቤቶች አጠገብ። የፕሪንስ ሆል ሜሶኖች ሕንፃ ነው፣ የጥቁር አሜሪካውያኑ። እነሱም የራሳቸው ስኮቲሽ ራይት፣ የራሳቸው 33ኛ አላቸው። ሁለቱ ቤቶች በእግር ሃያ ደቂቃ እንኳ አይራራቁም። ግን የነጮቹ ሎጆች ለጥቁሮቹ ዘላቂ እውቅና መስጠት የጀመሩት በ1989 ነው፣ ያውም ኮነቲከት ላይ። መሥራቻቸው ፕሪንስ ሆል ቦስተን ውስጥ ሜሶን የሆነው በ1775 ነበር። ዓለምን በአንድ እጅ ጨብጧል የሚባለው ማኅበር ሁለት መቶ ዓመት ጎረቤቱን ሰላም አላለም።

ሄኖክን ረሳሁት። እዚህ ጋ ቪዲዮው ሳያውቅ አንድ የሚገርም ነገር ነክቷል። በሞረን 25 ዲግሪዎች ውስጥ 13ኛው የሄኖክ ነው። ሄኖክ ከመሬት በታች ዘጠኝ ቅስት ያለው ዋሻ ሠርቶ የእግዚአብሔርን ስም በወርቅ ሰሌዳ ቀርጾ ደበቀ ይላል ትረካው። እንግዲህ «አየህ!» ልትሉኝ ነው። ቆይ። ያ ዲግሪ በ1783ቱ የእጅ ጽሑፍ ውስጥ አለ። ብሩስ ካመጣቸው የግዕዝ ቅጂዎች ኦክስፎርድ ያለው በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ የወጣው ግን በ1821 ነው። ከሁሉም በላይ፣ የእኛ መጽሐፈ ሄኖክ ውስጥ ዘጠኝ ቅስት የለም። የወርቅ ሰሌዳ የለም። የተበላሹ መላእክት አሉ፣ የፀሐይና የጨረቃ መንገድ አለ፣ ስድስቱ የፀሐይ መውጫ በሮች አሉ። ሌላ ሄኖክ ነው። ብሩስም የወሰደው ቅጂ ነው፤ መጽሐፉ አገሩ ላይ ነው፣ ገልጣችሁ እዩት።

ይህን ሁሉ ለአክስቴ ልጅ በድምፅ መልእክት ላክሁለት፣ ሰባት ደቂቃ። ማታ ላይ መለሰ።

«እሺ ገባኝ። ታዲያ ብሩስ 32ኛ ነበራ?»