የድረ ገጽ ፕላትፎርም ምንድን ነው?

የአክስቴ ልጅ ሐዋሳ ውስጥ፣ ከአሞራ ገደል ብዙም የማይርቅ ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ አላት። ሰሞኑን ደወለችልኝ። «ድረ ገጽ የሚሠራልኝ ልጅ በዎርድፕረስ ይሁን በዊክስ እያለ ያዋክበኛል። ምን ልበለው?»

«መጀመሪያ በማን ስም እንደሚከፈት ጠይቂው» አልኳት። የቀረውን ለእናንተም ልንገራችሁ።

ፕላትፎርም ማለት ድረ ገጹ የሚሠራበት፣ ከተሠራ በኋላም የሚተዳደርበት ሶፍትዌር ነው። ፎቶ የሚለጠፈው፣ የአልጋ ዋጋ የሚቀየረው በእሱ በኩል ነው። እሱ ባይኖር ዋጋ በጨመረ ቁጥር ኮድ የሚያውቅ ሰው መለመን ነው።

ዊክስንና ሾፒፋይን ዕቃው የተሟላ ኪራይ ቤት በሏቸው። ገብቶ መኖር ነው። ሾፒፋይማ ለሱቅ ታስቦ ስለተሠራ የዕቃ ዝርዝሩም የትእዛዝ መቀበያውም አብሮት ይመጣል። ጣጣው ኪራዩ ላይ ነው፤ የውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ይፈልጋል። እኔ አንድ ጊዜ አሜሪካ ባለ ዘመዴ ካርድ አስከፈልኩ። የካርዱ ጊዜ አለፈ፣ እሱም ረሳው፣ እኔም ረሳሁት። ደንበኛ ደውሎ «ዘጋችሁ እንዴ?» ሲለኝ ነው የነቃሁት። በዚያ ላይ የዊክስን ቤት ነቅሎ ሌላ ቦታ መትከል አይቻልም። ጽሑፉንና ፎቶውን ይዞ ወጥቶ ገጹን እንደ አዲስ ማሠራት ነው።

ዎርድፕረስ በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣ ነጻ ሶፍትዌር ነው። ዛሬ ከዓለም ድረ ገጾች ከ40 በመቶ በላይ የሚሆኑት በእሱ ይሠራሉ። የሚከፈለው ለስሙ፣ ማለትም ሰው ገጹን ለመክፈት ለሚጽፈው አድራሻ፣ እና ለሆስቲንጉ፣ ማለትም ገጹ ለሚቀመጥበት ኮምፒውተር ነው። ሆስቲንግ በብር የሚያከራዩ አገር ውስጥም አሉ። ካልተስማማችሁ ጠቅልላችሁ ወደ ሌላው ትሄዳላችሁ። ዎርድፕረስ ዶት ኮም የሚባለው ግን ራሱን የቻለ የኪራይ አገልግሎት ነው፤ በስሙ ብዙ ሰው ይሸወዳል።

ነጻ ነው ማለት ልፋት የለውም ማለት አይደለም። ፕለጊኖቹን፣ ማለትም ተጨማሪ ሥራ እንዲሠራ የሚገጠሙለትን ትንንሽ ሶፍትዌሮች፣ በየጊዜው የሚያዘምን ሰው ከሌለ ሌባ ይገባል። አንድ ቀን ጠዋት ስትከፍቱት በአልጋ ክፍሎቻችሁ ፋንታ የቁማር ማስታወቂያ ታገኛላችሁ።

በገጹ ላይ ክፍያ መቀበል ካሰባችሁ ደግሞ ስትራይፕ የሚባለው የውጭ የክፍያ አገልግሎት እዚህ ላለ ነጋዴ አይሠራም። የአገር ውስጡ የክፍያ አገልግሎት ቻፓ ግን ዉኮሜርስ ከሚባለው የዎርድፕረስ የመሸጫ ፕለጊን ጋር ይገናኛል።

ሁሉም ሰው ድረ ገጽ ያስፈልገዋል እያልኩ አይደለም። ጠዋት ከሐይቁ የወጣውን ቆሮሶ እስከ ቀትር ሸጦ ለሚጨርስ ዓሣ ነጋዴ ስልኩ ይበቃዋል። የአክስቴ ልጅ እንግዳ ግን ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው። ከመነሳቱ በፊት አልጋውን በፎቶ ማየት፣ ዋጋውን ማወቅ፣ ቦታውን በካርታ ማግኘት ይፈልጋል። ለዚህ አራት ገጽ ያለው ቀለል ያለ ዎርድፕረስ ይበቃታል።

በማግሥቱ ደወለች። ለካ ልጁ የድረ ገጹን ስም በራሱ ኢሜይል ሊያስመዘግበው ነበር። ነገ ልጁ ስልክ ቢቀይር የማረፊያዋ አድራሻም አብሮት ሊጠፋ ነው።

«በእኔ ኢሜይል ይሁን አልኩት» አለችኝ።

«ጎሽ!»

«ችግሩ ፓስወርዱን ረስቼዋለሁ።»