በሕይወት መድን ላይ የሚጨመር የከባድ ሕመም ሽፋን

የሕይወት መድን የሚከፍለው መድን ገቢው ሲሞት ነው። ታሞ ቢተርፍስ? ሥራውን አቁሞ፣ መድኃኒት እየገዛ፣ ልጆች እያሳደገ ለሚኖር ሰው ያ ውል በቁሙ ምንም አያደርግለትም። የከባድ ሕመም ሽፋን የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በሕይወት መድኑ ላይ እንደ ተጨማሪ ሽፋን ይያያዛል። መድን ገቢው በውሉ ከተዘረዘሩት ሕመሞች አንዱ ሲገኝበት የተስማሙበት ገንዘብ በአንድ ጊዜ ለራሱ ይከፈለዋል።

ከሕክምና ኢንሹራንስ ጋር መምታታት የለበትም። የሕክምና ኢንሹራንስ የሆስፒታል ደረሰኝ እያየ ይከፍላል። ይሄኛው ደረሰኝ አይጠይቅም። ገንዘቡን ለሕክምና ማዋል ይቻላል፤ የቤት ዕዳ መክፈል ወይም ጥቂት ወራት ቤት ተቀምጦ ማገገምም ይቻላል። እኔ ትልቁ ጥቅሙ ይሄ የመጨረሻው ይመስለኛል። ካንሰር የታከመ ሰው ገና ሳይድን ወደ ሥራ የሚመለሰው ብዙ ጊዜ ወዶ ሳይሆን ገቢው ስለተቋረጠበት ነው።

ሐሳቡ የመነጨው ከሐኪም ነው። ማሪየስ ባርናርድ ደቡብ አፍሪካዊ የልብ ቀዶ ሐኪም ነበር። ወንድሙ ክርስቲያን ባርናርድ እ.ኤ.አ. በ1967 በኬፕታውን የመጀመሪያውን ከሰው ወደ ሰው የተደረገ የልብ ንቅለ ተከላ ሲመራ እሱም በቡድኑ ውስጥ ነበር። ሕክምናው እያደገ ሲሄድ ቀድሞ ይሞቱ የነበሩ ሰዎች መትረፍ ጀመሩ። ማሪየስ ግን ያዳናቸው ታካሚዎች በገንዘብ ችግር ሲጎሳቆሉ ያይ ነበር። ይህን እያነሳ የኢንሹራንስ ሰዎችን ወተወተ። እ.ኤ.አ. በ1983 ክሩሴደር ላይፍ ከተባለ የደቡብ አፍሪካ ኩባንያ ጋር የመጀመሪያው ውል ለገበያ ቀረበ። ያኔ የሚሸፍነው አራት ነገር ብቻ ነበር፦ ሃርት አታክ፣ ስትሮክ፣ ካንሰርና የልብ ደም ሥር ባይፓስ ቀዶ ሕክምና (ለደሙ የተዘጋውን ሥር የሚያልፍ አዲስ መንገድ የሚሠራበት)። ከዚያ ወደ እንግሊዝ፣ ወደ አውስትራሊያና ወደ እስያ ተዛመተ። ዛሬ የኩላሊት መድከምን፣ የአካል ንቅለ ተከላን፣ ዓይነ ስውርነትን እየጨመሩ ከ30 በላይ ሕመም የሚዘረዝሩ ውሎች ብዙ ናቸው። ዝርዝሩ ሲረዝም ደስ ይላል፤ ነገር ግን የካሳ ጥያቄው አብዛኛው አሁንም የሚመጣው ከካንሰር፣ ከልብና ከስትሮክ ነው።

ሽፋኑ ከዋናው ውል ጋር የሚያያዝበት መንገድ ሁለት ነው፤ ልዩነቱን ሳያውቁ መፈረም አያዋጣም። አንድ ሰው የ1,000,000 የሕይወት መድን አለው እንበል፤ በላዩ የ400,000 የከባድ ሕመም ሽፋን ጨመረ። የመጀመሪያው ዓይነት የሞት ካሳውን ቀድሞ የሚከፍል ነው። ሰውየው ቢታመም 400,000 ይቀበላል፤ በኋላ ሲሞት ለቤተሰቡ የሚቀረው 600,000 ነው። በሁለተኛው ዓይነት 400,000ው ራሱን የቻለ ነው፤ የሞት ካሳው 1,000,000 እንዳለ ይቆያል። ሁለተኛው ዓረቦኑ፣ ማለትም ለመድን ሰጪው የሚከፈለው ገንዘብ፣ ከፍ ይላል። የመጀመሪያውን ገዝቶ ሁለተኛውን የገዛ የሚመስለው ሰው አለ። ያ ሰው ከሞተ በኋላ ግርታው የሚተርፈው ለሚስቱ ወይም ለልጆቹ ነው።

ሁለት የጊዜ ገደቦችም አሉ። አንዱ የመቆያ ጊዜ ነው፦ ውሉ ከጸና በኋላ ለተወሰነ ጊዜ፣ ለካንሰር ብዙ ጊዜ ለ90 ቀን፣ የተገኘ ሕመም አይከፈልበትም። ሌላው የመትረፊያ ጊዜ ነው። ሕመሙ ከታወቀ በኋላ መድን ገቢው 14 ወይም 30 ቀን በሕይወት መቆየት አለበት የሚል ነው። ይሄኛው በብዛት የሚገኘው ራሱን በቻለው ዓይነት ላይ ነው። በመጀመሪያው ዓይነት ሰውየው ወዲያው ቢሞትም ሙሉው የሞት ካሳ ስለሚከፈል ገደቡ እምብዛም አያስፈልግም።

የሽፋኑ ልብ ያለው ግን በትርጉሞቹ ገጽ ላይ ነው። ሐኪም «ሃርት አታክ ነው» ስላለ ብቻ አይከፈልም። ውሉ የደረት ሕመም ወይም ሌላ ምልክት፣ በኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ በሚመዘግብ ምርመራ) ላይ የታየ አዲስ ለውጥ፣ በደም ምርመራ ደግሞ የትሮፖኒን፣ ማለትም የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ወደ ደም የሚገባ ፕሮቲን፣ መጠን መጨመርን በአንድነት ሊጠይቅ ይችላል። ስትሮክ ከሆነ ቋሚ የነርቭ ጉዳት መኖሩ ይታያል፤ በሰዓታት ውስጥ የሚለቅ ጊዜያዊ የደም መቋረጥ አይቆጠርም። ካንሰር ከሆነ ከበቀለበት ቦታ ወደ ጎረቤት ሥጋ ያልገባ፣ ብዙዎቹ የቆዳ ካንሰሮች፣ ገና ጅምር ላይ ያለ የፕሮስቴት ካንሰር ከሙሉ ክፍያ ውጭ ይሆናሉ። ለእነዚህ አንዳንድ ውሎች ከፊል ክፍያ፣ ለምሳሌ 20 ወይም 25 በመቶ ይሰጣሉ። «ካንሰር ይሸፍናል» የሚለው የብሮሹር ቃል ይህን ሁሉ አይነግርም። ኩባንያዎች በየፊናቸው ሲተረጉሙ ደንበኛው እንዳይደናገር በእንግሊዝ የመድን ሰጪዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1999 የጋራ ትርጉሞች አወጣ። ቻይናም እ.ኤ.አ. በ2007 ለ25 ሕመሞች ወጥ ትርጉም ደነገገች፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ከባዶቹን ወደ 28 አሳድጋ ሦስት ቀለል ያሉ ጨመረች።

ዓረቦኑን የሚወስኑት ዕድሜ፣ ሲጋራ ማጨስ፣ የሰውነት ክብደት፣ የቤተሰብ የሕመም ታሪክና የሽፋኑ መጠን ናቸው። ዓረቦኑ በውሉ ዘመን ሁሉ የማይለወጥ ሊሆን ይችላል፤ በየጥቂት ዓመቱ የሚከለስም አለ። የሚከለሰው ሲጀመር ርካሽ ነው፤ ዕድሜ ሲገፋ ግን ሊከብድ ይችላል። ሽፋኑ ብዙ ጊዜ በ60ዎቹ ወይም በ70ዎቹ ዕድሜ ያበቃል፤ የሕይወት መድኑ ቢቀጥልም።

በነባር ውል ላይ ለመጨመር የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አዲስ የጤና መግለጫ ይሞላል፤ ምርመራም ሊታዘዝለት ይችላል። ቀድሞ የነበረ ሕመም በስም ተጠቅሶ ከሽፋኑ ሊወጣ ይችላል። ቅጹ ላይ ያለውን ሁሉ መናገር ግድ ነው። የደም ግፊት ክኒን መውሰድ፣ የእናት የጡት ካንሰር፣ ከዓመታት በፊት የተደረገ ምርመራ፣ ከተጠየቀ ሁሉም ይጻፋል። የሽያጭ ሠራተኛው «ይሄ አያስፈልግም» ቢል እንኳ ይጻፍ፤ ኋላ ፋይሉ ሲከፈት የሚታየው የሐኪም ካርዱና የመድን ገቢው ፊርማ ነው። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ሕግ ሆን ብሎ የደበቀን ሰው በቸልተኝነት ከዘነጋው ይለያል፤ ለሁለተኛው ካሳው ተቀንሶ ሊከፈል ይችላል። ሕጉ እንደየአገሩ ስለሚለያይ በዚህ ተማምኖ ቅጽ መሙላት ግን አደጋ አለው።

ካሳ ሲጠየቅ የስፔሻሊስት ሪፖርት፣ የባዮፕሲ (ከሰውነት ተቆርጦ የተመረመረ ናሙና) ውጤት፣ የኤምአርአይ ወይም የደም ምርመራ ወረቀት ይቀርባል። ክፍያው ከወጣ በኋላ የከባድ ሕመም ሽፋኑ ብዙ ጊዜ ያበቃል፤ አንዳንድ ውሎች ግን ሁለተኛ ሕመም ላይም ይከፍላሉ። የተቀነሰውን የሞት ካሳ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ያለ አዲስ ምርመራ መልሶ ለመግዛት የሚፈቅዱም አሉ። ከባድ ሕመም ያለፈበት ሰው በሌላ ኩባንያ አዲስ የሕይወት መድን ማግኘት ስለሚቸግረው፣ ይህ አንቀጽ በውሉ ውስጥ መኖር አለመኖሩን ከመፈረም በፊት መጠየቅ ይገባል።