ፖርት፣ ፒክ ላይን፣ ሂክማን፦ የካንሰር ታካሚ ካቴተርና የሚያመጣቸው ችግሮች

ኬሞ የሚወስድ ሰው የእጁ ደም ስሮች ቶሎ ይጎዳሉ፣ እንደ ዶክሶሩቢሲንና ቪንክሪስቲን ያሉት የኬሞ መድሀኒቶች ደግሞ ከደም ስር ውጪ ትንሽ ከፈሰሱ ስጋ ያቆስላሉ፣ ለዚህ ነው ጫፉ ልብ አጠገብ ያለው ትልቅ ደም ስር ውስጥ የሚቀመጥ ቀጭን ቱቦ (ካቴተር) የሚገባው። በብዛት ያሉት ሶስት ናቸው፦ በክንድ የሚገባው ፒክ ላይን፣ ደረት ላይ ቆዳ ስር ተስቦ ሌላኛው ጫፉ ውጪ የሚቀረው ሂክማን (በፈረንጆቹ 1979 ሲያትል ውስጥ ለመቅኔ ንቅለ ተከላ ታካሚዎች ተብሎ የመጣ ነው) እና ሙሉ በሙሉ ቆዳ ስር የሚቀበረውና በቆዳው ላይ በመርፌ እየተወጋ መድሀኒት የሚሰጥበት ፖርት።

ሲገባ የሚያጋጥመው ችግር አሁን በጣም ቀንሷል፣ ሳንባ ሊወጋና አየር ሊገባበት ይችላል፣ አርተሪ (ከልብ ደም የሚያወጣ ደም ስር) ሊነካ ይችላል፣ ግን በአልትራሳውንድ እያዩ ማስገባት ከተለመደ ወዲህ ይሄ ብዙ አይታይም።

ዋናው ጣጣ ኢንፌክሽን ነው። ባክቴሪያው ከቆዳ ላይ ወይም ከቱቦው አፍ ተነስቶ ውስጥ ይገባና ግድግዳው ላይ ተጣብቆ ሽፋን ይሰራል፣ እዛ ሽፋን ውስጥ ደግሞ አንቲባዮቲክ በደንብ አይደርስበትም። ኬሞ ነጭ የደም ሴል ሲያወርድ መግልም መቅላትም ላይታይ ይችላል፣ ቦታው ንጹህ መስሎ ሰውየው ደሙ ውስጥ ኢንፌክሽን ይዞ ይቀመጣል። ስለዚህ ካቴተር ያለው ሰው ሙቀቱ 38 ከደረሰ፣ ወይ ደግሞ ቱቦው ፍላሽ ከተደረገ (በሳላይን፣ ማለትም በጨው ውሃ ከታጠበ) በኋላ ብርድ ብርድ ብሎት ከተንቀጠቀጠ እባካችሁ እስኪነጋ አትጠብቁ፣ ፓራሲታሞል ሰጥቶ ማስተኛት አደገኛ ነው፣ ሙቀቱን ይደብቀዋል እንጂ በሽታውን አያቆመውም። ሆስፒታል ሲደርስ ደም ከቱቦውም ከክንድም ይወሰዳል፣ ከቱቦው የተወሰደው ከክንዱ ደም ቢያንስ በ2 ሰዓት ቀድሞ ባክቴሪያ ካበቀለ ምንጩ ካቴተሩ ነው ተብሎ ይጠረጠራል፣ አንቲባዮቲኩ ግን ውጤት ሳይጠበቅ ይጀመራል። ከዛ የሚወሰነው በጀርሙ አይነት ነው፣ ቆዳ ላይ የሚኖረው ቀለል ያለው ስታፍ የሚባል ባክቴሪያ ከሆነ አንዳንዴ ቱቦውን ሳያወጡ ይታከማል፣ ከበድ ያለው ስታፍ ኦሪየስ ወይም ካንዲዳ ፈንገስ ከሆነ ግን በአብዛኛው መውጣት አለበት።

ሁለተኛው የደም መርጋት ነው፣ ካንሰሩ ራሱ ደም ያረጋል፣ ቱቦው ሲጨመርበት ይብሳል፣ በተለይ ፒክ ላይን። ክንድ ወይም አንገት ካበጠ፣ ከከበደ፣ ደረት ላይ ደም ስሮች ከተገተሩ በአልትራሳውንድ መታየት አለበት። ብዙ ቤተሰብ ቶሎ ይውጣልን ይላል፣ ግን ቱቦው እየሰራ ከሆነና አሁንም ካስፈለገ ሳይወጣ ቢያንስ ለ3 ወር ደም ማቅጠኛ መስጠት ነው የተለመደው።

መዘጋትም አለ፣ ሳላይን ይገባል ደም ግን አልመለስ ይላል። እጅ ከፍ ማድረግ፣ ማሳል አንዳንዴ ይረዳል፣ ካልሆነ አልቴፕሌዝ የሚባል የረጋ ደም የሚያሟሟ መድሀኒት 2 ሚሊግራም ውስጥ ይተዋል። በትንሽ ሲሪንጅ በሀይል መግፋት ግን አይሆንም፣ ግፊቱ ቱቦውን ሊቀደው ይችላል፣ 10 ሚሊ ሲሪንጅ የሚባለው ለዚህ ነው። ፖርት ላይ ደም ሳይመለስ ኬሞ ከተጀመረ መርፌው ከቦታው ወጥቶ መድሀኒቱ ደረት ውስጥ ሊፈስ ይችላል፣ ታካሚው አቃጠለኝ ካለ ወዲያው ይቁም፣ ይቻለው አይባልም።

የቱ ይሻላል ለሚለው በ2021 የወጣ ካቫ የሚባል የእንግሊዝ ጥናት አለ፣ ከ1,000 በላይ ታካሚዎች ላይ ተሰርቶ ፖርት ከሂክማንም ከፒክም ያነሰ ችግር እንዳለው አሳይቷል፣ ሲጀመር ዋጋው ከበድ ቢልም ለወራት ለሚታከም ሰው እኔም ፖርቱን ነው የምመርጠው። ፖርት ኬሞው ካለቀ በኋላም በየጊዜው ፍላሽ ይፈልጋል፣ ብዙ ቦታ በየ4 ሳምንቱ ነው፣ አንዳንድ ቦታ እስከ 3 ወር ያራዝሙታል።

ፒክና ሂክማን ሲወጡም ታካሚው ጋደም ብሎ፣ ትንፋሹን ይዞ ነው፣ ቁጭ ብሎ ከተሳበ በቀዳዳው አየር ወደ ደም ሊገባ ይችላል፣ ከወጣ በኋላም ቦታው ተጭኖ አየር በማያሳልፍ ፋሻ ይሸፈናል።