የሮክ ዘፈን ገጽ በዊኪፒዲያ እንዴት ይገመገማል?

በእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ አንዳንድ ገጾች ላይ፣ ከላይ በቀኝ ጥግ፣ ትንሽ ምልክት ትታያለች። አረንጓዴ የመደመር ምልክት ከሆነች ገጹ «ጥሩ መጣጥፍ» ተብሏል ማለት ነው። የነሐስ ቀለም ያላት ኮከብ ከሆነች ደግሞ «ምርጥ መጣጥፍ»። ከ7 ሚሊዮን በላይ ከሆኑት ገጾች መካከል አረንጓዴዋን ያገኙት 40 ሺህ ገደማ ናቸው። ኮከቧ ያላቸው ከ6 ሺህ በላይ ቢሆኑም 10 ሺህ አይሞሉም። ከእነዚህ ውስጥ ስለ ዘፈን የተጻፉት ጥቂት አይደሉም። ዘፈን ድንበሩ የታወቀ ርዕስ ነው። አንድ ሰው ማታ ማታ እየሠራ ብቻውን ሊጨርሰው ይችላል። የአንድ አገር ታሪክ እንዲህ አያልቅም።

ምልክቷን የሚሰጥ ቢሮ የለም። ገምጋሚዎቹም እንደ ጸሐፊዎቹ ሳይከፈላቸው የሚሠሩ ናቸው፤ ብዙዎቹም በብዕር ስም ነው የሚታወቁት። ገጹን ያዘጋጀው ሰው ለግምገማ ያስመዘግብና ወረፋ ይጠብቃል። ወረፋው ወራት ሊፈጅ ይችላል። አንድ ቀን ጨርሶ የማያውቀው ሰው «እኔ አየዋለሁ» ይላል። በገጹ ላይ ጉልህ ሥራ የሠራ ሰው ግን ገምጋሚ መሆን አይፈቀድለትም።

የአረንጓዴዋ መለኪያዎች ስድስት ናቸው፦ ጥርት ያለ አጻጻፍ፣ በምንጭ መደገፍ፣ ዋና ዋናውን መሸፈን፣ ገለልተኝነት፣ በየቀኑ በክርክር የማይገለባበጥ መሆን፣ ከተቻለም ሥዕል። ጊዜ የሚበላው ሁለተኛው ነው።

የአሜሪካውን ሮክ ባንድ የኒርቫናን «ስሜልስ ላይክ ቲን ስፒሪት» እንውሰድ፤ እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣ ነው። ስለ ርዕሱ የሚወራውን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ቢኪኒ ኪል የተባለው ባንድ ድምፃዊት ካትሊን ሃና፣ የኒርቫናው ድምፃዊ ኩርት ኮቤይን ቤት ግድግዳ ላይ «ኩርት ቲን ስፒሪት ይሸታል» የሚል ትርጉም ያለው ነገር ጻፈች። ቲን ስፒሪት የዲዮድራንት (የላብ ሽታ ማጥፊያ) ስም ነው። ኮቤይን ግን የአመፅ መፈክር መሰለው። ዲዮድራንት መሆኑን ያወቀው ነጠላ ዜማው ከወጣ ከወራት በኋላ እንደሆነ ተናግሯል።

ደስ የሚል ወሬ ነው። ገምጋሚ ፊት ሲቀርብ ግን ይበጣጠሳል። ግድግዳው ላይ መጻፏን የተናገረው ማን ነው? እሷ ራሷ ወይስ ሌላ ሰው? «መሰለው» የሚለውስ ከማን አፍ ወጣ? ከኮቤይን ከሆነ «ኮቤይን እንደተናገረው» ተብሎ ይጻፍ። ያለው ሁሉ ልክ ነው ማለት አይደለም፤ ያለው እሱ መሆኑ ግን ይታወቅ። እኛ «አሉ» ብለን የምናልፋት ነገር እዚያ አታስኬድም። ገምጋሚው ከግርጌ ማስታወሻዎቹ የተወሰኑትን መርጦ ምንጩን ራሱ ይከፍታል። ዓረፍተ ነገሩ የሚለውን ምንጩም ይላል? ቃል በቃል ተገልብጦስ አልሆነም? በቻርት ስንተኛ ወጣ፣ ማን ፕሮዲዩስ አደረገው፣ ሁሉም በዚህ መንገድ ያልፋል።

ትልቁ ጭቅጭቅ ግን የዘፈኑ ዓይነት ላይ ነው። ግራንጅ ነው? አልተርኔቲቭ ሮክ? ሃርድ ሮክ? አንዱ መጥቶ ይለውጣል፣ ሌላው ይመልሳል፣ ሦስተኛው የራሱን ይጨምራል። አርታኢዎቹ «የዘውግ ጦርነት» ይሉታል። ገምጋሚው ሃያ ዓመት ጊታር የመታ ቢሆንም ጆሮው አይቆጠርለትም። የታተመ ሂስ ምን ብሎታል ነው ጥያቄው። ለሙዚቃ ሰው ትንሽ ያበሳጫል መሰለኝ።

ከዚህ የባሰም አለ። ቢትልስ ከሚለው ስም ፊት የምትገባው «ዘ» በዓረፍተ ነገር መሃል በትልቅ ፊደል ትጻፍ ወይስ በትንሽ የሚለው ክርክር ለዓመታት ዘልቆ እ.ኤ.አ. በ2012 በድምፅ ነው የተቋጨው። ትንሿ ፊደል አሸነፈች። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የሚባል ነገር ስለሌለው ከዚህ ጣጣ ተርፈናል።

የቅጂ መብትም አለ። ግጥሙን ሙሉውን መለጠፍ ክልክል ነው። የአልበሙ ሽፋን በአነስተኛ መጠን ይገባል። የድምፅ ናሙና ከዘፈኑ 10 በመቶ ወይም ከ30 ሰከንድ፣ ከሁለቱ ካነሰው መብለጥ የለበትም። ሦስት ደቂቃ ለሚፈጅ ዘፈን 18 ሰከንድ መሆኑ ነው። እሷም ብትሆን ጽሑፉ ውስጥ የተብራራ ነገር ካላሳየች ትነሳለች።

ጉድለት ሲገኝ ገምጋሚው በውይይት ገጹ ላይ ይዘረዝራል፤ ለማስተካከል አብዛኛውን ጊዜ ሰባት ቀን ይሰጣል። አዘጋጁ ከእያንዳንዱ ሥር «ተስተካክሏል» እያለ ይወርዳል፣ አንዳንዱ ላይም ይሟገታል። ለኮከቧ ሲሆን ነገሩ ይከብዳል። ገምጋሚዎቹ በርካታ ናቸው፤ ምንጩን የሚያይ፣ ሥዕሉን የሚያይ ለየብቻ ይመጣል፤ በመጨረሻ አስተባባሪዎች ሐሳቡን መዝነው ይወስናሉ።

የአረንጓዴዋ ድክመት አንድ ሰው ብቻ መፍረዱ ነው። ሰውየው ከተቻኮለ አለቀ። እ.ኤ.አ. በ2007 ስለ «ቢቾሊም ግጭት» የተጻፈ ገጽ «ጥሩ መጣጥፍ» ተብሎ ነበር፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሕንድ ጎዋ ውስጥ በፖርቱጋሎችና በሕንዶቹ ማራታዎች መካከል ተደረገ ስለተባለ ጦርነት ነው። ጦርነቱ ጭራሽ አልተደረገም። ምንጭ ተብለው የተጠቀሱት መጻሕፍትም የሉም። ገጹ የተሰረዘው በ2012 መጨረሻ ነው፤ አምስት ዓመት ሙሉ ምልክቷን ለብሶ ቆየ ማለት ነው።

የአማርኛው ዊኪፒዲያ 15 ሺህ ገደማ ገጾች አሉት። ዘወትር የሚጽፉበት ሰዎች ጥቂት ስለሆኑ ለግምገማ የሚያስፈልገው ሁለተኛ ሰው በቀላሉ አይገኝም። በካሴት ዘመን የወጣ ዘፈናችንን በዚህ ሚዛን ላቅርብ ለሚል ሰው ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። የግጥሙን ደራሲና ያጀበውን ባንድ ለመጥቀስ የካሴቱ ሽፋን ይበቃል፤ ሽፋን እንደ ምንጭ ይቆጠራል። ዘፈኑ እንዴት ተሠራ፣ ሃያሲ ምን አለው ለሚለው ግን የታተመ ነገር ይጠየቃል። የዚያን ጊዜ ጋዜጣና መጽሔት ለማገላበጥ ወመዘክር መሄድ ግድ ነው።