የከሰል ጭስን ካርቦን ማጥመድ፦ የመንግሥታት ማበረታቻና የደሴ ኮምቦልቻ አካባቢ

ካርቦን ማጥመድ በድንጋይ ከሰል የሚሠራ የኃይል ማመንጫ ወደ አየር የሚለቀውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሌላው ጭስ ለይቶ፣ አምቆ፣ በቧንቧ ወስዶ ከምድር በታች የማስቀመጥ ሥራ ነው። ጭሱ አሚን በተባለ ኬሚካል ውስጥ እንዲያልፍ ይደረጋል። ኬሚካሉ ካርቦኑን ይይዛል፤ በእንፋሎት ሲሞቅ ደግሞ መልሶ ይለቀዋል። እንፋሎቱ የሚመጣው ከዚያው ከማመንጫው ስለሆነ ጣቢያው ለገበያ ከሚያቀርበው ኤሌክትሪክ ላይ ብዙ ጊዜ አንድ አምስተኛው ያህል ይቀነሳል። ባለቤቱ ይህን ሁሉ አውጥቶ የሚሸጠው ተጨማሪ ነገር አያገኝም ማለት ይቻላል። ስለዚህ መንግሥት ጭሱን ካላስከፈለ ወይም ለማጥመዱ ካልከፈለ በቀር ሥራው አይጀመርም።

መክፈልን የመረጠችው አሜሪካ ናት። በግብር ሕጓ አንቀጽ 45ኪው፣ እ.ኤ.አ. በ2008 (ከዚህ በኋላ ያሉት የውጭ አገር ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፣ ከምድር በታች ለተቀበረ ለእያንዳንዱ ቶን 20 ዶላር፣ ነዳጅ ዘይት ገፍቶ ለማውጣት ጥቅም ላይ ለዋለ ደግሞ 10 ዶላር ከግብር እንዲቀነስ ተፈቀደ። በዚህ ዋጋ የተነቃነቀ ጥቂት ነበር። በ2018 የወጣው ሕግ መጠኑን ወደ 50 እና 35 ዶላር፣ የ2022ቱ ደግሞ ወደ 85 እና 60 ዶላር ከፍ አደረገው፤ በ2025 ሁለቱም አጠቃቀሞች በ85 ዶላር እኩል ሆኑ። ቅናሹ መሣሪያው ሥራ ከጀመረበት ጊዜ አንስቶ ለ12 ዓመት ይቆያል። የዚህ አንቀጽ ትልቁ ጥንካሬ የገንዘቡ መብዛት አይመስለኝም፤ ቶኑ ተለክቶ መያዙ ሳይረጋገጥ የማይከፈል መሆኑ ነው።

ለግንባታ በቅድሚያ የሚሰጥ ድጎማ ይህ ጥንካሬ የለውም። በሚሲሲፒ ግዛት የኬምፐር ጣቢያ የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ አግኝቶ፣ ወጪው ወደ 7.5 ቢሊዮን ዶላር ካሻቀበ በኋላ፣ በ2017 የከሰሉን ዕቅድ ትቶ በተፈጥሮ ጋዝ ብቻ እንዲሠራ ተወሰነ። በቴክሳስ የፔትራ ኖቫ ፕሮጀክትም በመንግሥት ድጎማ ታግዞ በ2017 ሥራ ጀመረ። ማጥመዱ ሠርቷል፤ ነገር ግን ገቢው የተንጠለጠለው ካርቦኑን ተጠቅሞ በሚወጣ ነዳጅ ዘይት ላይ ስለነበር በ2020 የዘይት ዋጋ ሲወድቅ ቆመ፣ የተመለሰውም በ2023 ነው። በካናዳ ሳስካችዋን በባውንደሪ ዳም ጣቢያ በ2014 የተከፈተው ማጥመጃ በከሰል ጣቢያ ላይ በንግድ ደረጃ የተተከለ የመጀመሪያው ነው፤ በዓመት አንድ ሚሊዮን ቶን እንዲይዝ ቢታቀድም ብዙ ጊዜ ከዚያ በታች ሆኗል።

ኖርዌይ ሌላውን መንገድ ያዘች። በ1991 በባሕር ላይ ጋዝና ዘይት አምራቾች ላይ የካርቦን ግብር ጣለች፤ ከ1996 ጀምሮ በስላይፕነር የጋዝ ማምረቻ ለብዙ ዓመታት በዓመት ወደ አንድ ሚሊዮን ቶን የሚጠጋ ካርቦን ከባሕር ወለል በታች ተቀብሯል። ይህ የከሰል ጣቢያ አይደለም። ሆኖም ግብሩ ከመቅበሩ ወጪ ሲበልጥ ኩባንያ ያለ ልመና እንደሚቀብር በግልጽ ያሳያል።

ደሴም ሆነች ኮምቦልቻ የከሰል ኃይል ማመንጫ የላቸውም። መብራታቸው የሚመጣው በአብዛኛው ውኃ ከሚያንቀሳቅሰው ብሔራዊ መረብ ነው። ከሰሉ ግን ሩቅ አይደለም፦ በ1881 ዓ.ም. በተፈረመው ውል ስሟ በሚታወቀው በአምባሰሏ ውጫሌ አካባቢ በባዛልት፣ ማለትም ከቀዘቀዘ የእሳተ ገሞራ ፍሳሽ በተፈጠረ ድንጋይ፣ ንጣፎች መካከል የድንጋይ ከሰል ይገኛል። በአገሪቱ ከሰል በብዛት የሚፈልጉት የሲሚንቶ ፋብሪካዎች ናቸው፤ መንግሥትም ከውጭ የሚገባውን በአገር ውስጥ ምርት ለመተካት ሲሠራ ቆይቷል። እዚህ ላይ ለኃይል ማመንጫ የተበጀ ማበረታቻ እንዳለ አይገለበጥም። ሲሚንቶ ከሚለቀው ካርቦን ከግማሽ በላይ የሚወጣው ከነዳጁ ሳይሆን ከሚቃጠለው የኖራ ድንጋይ ራሱ ነውና።

ለማስቀመጫ የሚሆነው ድንጋይ ግን የወሎ ተራሮች አካል ነው። ጦሳን ጨምሮ ደሴን የከበቡት ከፍታዎች ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈሰሰ ባዛልት የተገነባው የኢትዮጵያ ደጋ ክፍል ናቸው። በአይስላንድ ሄትሊስሄይዲ በ2012 በውኃ ሟሙቶ ወደ ባዛልት የተለቀቀ ካርቦን ከ95 በመቶ በላይ የሚሆነው በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ ማዕድንነት እንደተለወጠ በ2016 ታትሟል። አስቸጋሪው ነገር ለአንድ ቶን ካርቦን ወደ 25 ቶን ውኃ መጠየቁ ነው። ነዋሪዋ የቧንቧ ውኃ በፈረቃ ለሚጠብቅባት ደሴ ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም።

የኢትዮጵያ ሕግም ባዶ አይደለም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ብክለትን ለመቆጣጠር የሚገባ አዲስ መሣሪያ፣ በሚመለከተው ባለሥልጣን ሲረጋገጥ፣ ከጉምሩክ ቀረጥ ነጻ እንዲሆን ይፈቅዳል። ማበረታቻው መሣሪያውን ለማስገባት ይረዳል፤ ከገባ በኋላ ግን ኤሌክትሪኩ፣ ኬሚካሉና ባለሙያው በባለቤቱ ኪስ ላይ ይወድቃሉ። ጨርቃ ጨርቅ፣ ብረታ ብረትና ቢራ በሚመረትባት፣ በ2009 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርክ በተመረቀባት ኮምቦልቻ ይህ ክፍተት ካርቦን ሳይነሳም ይታወቃል። የፋብሪካ ፍሳሽ በለዮሌና በወርቃ ወንዞች በኩል ወደ ቦርከና ይገባል፤ ተመራማሪዎችም በወንዞቹ ውስጥ ከባድ ብረቶችን ለክተዋል። ቀረጡ የተነሳለት ማጣሪያ ቢተከልም ያለማቋረጥ እንዲሠራ የሚያደርገው ሌላ ክፍያ ወይም ሌላ ቅጣት ነው፤ ያንን ለመወሰን ደግሞ የሚወጣውን ፍሳሽም ሆነ ጭስ በየፋብሪካው በር ላይ የሚለካ ሰው ያስፈልጋል።