የብላክ ሆል ማስረጃ ምንድን ነው? የትኛውስ ጥርጣሬ ሚዛን ይደፋል?

«ብርሃን የማይወጣው ነገር ከሆነ መኖሩ በምን ታወቀ?» ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። አልበርት አይንስታይን ራሱ እ.ኤ.አ. በ1939 ባወጣው ጽሑፍ፣ ከገዛ ቀመሮቹ የሚወለደው ይህ ነገር በተፈጥሮ ውስጥ ሊኖር አይችልም ብሎ ተከራክሯል። በዚያው ዓመት የፊዚክስ ሊቃውንቱ ኦፐንሃይመርና ስናይደር በራሱ ስበት የሚወድቅ ኮከብ የሚያቆመው ኃይል ካጣ መመለሻ እንደሌለው በስሌት አሳዩ።

ብላክ ሆል ማለት መጠነ ቁሱ እጅግ ጠባብ ቦታ ላይ ከመታጨቁ የተነሳ ብርሃን እንኳ የማያልፈው ወሰን የተፈጠረለት አካል ነው። ወሰኑ የክስተት አድማስ ይባላል። መጠነ ቁሱ የፀሐይን ያህል ቢሆን የአድማሱ ራዲየስ 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ 10 እጥፍ ቢሆን 30። እንግዲህ ጥያቄው ሁለት ነው። ከባድ፣ ጨለማና ትንሽ የሆነ አካል አለ ወይ? ካለስ በእርግጥ አድማስ አለው ወይ? ሙግቱ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱ ሲደበላለቁ ነው።

ለመጀመሪያው መልስ የሚሰጠው ሚዛን ነው። የማይታየው አካል የሚመዘነው በሚታየው ጓደኛው ነው። ቪ404 ሲግኒ በተባለው ጥንድ ውስጥ የሚታየው ኮከብ በ6.5 ቀን አንዴ ይዞራል። በብርሃኑ ውስጥ ያሉት መስመሮች (ብርሃኑ ወደ ቀለማቱ ሲበተን የሚታዩት) ወደ ሰማያዊና ወደ ቀይ ሲወዛወዙ ተለክቶ፣ ኮከቡ ወደ እኛ ሲመጣና ከእኛ ሲርቅ ፍጥነቱ በሰከንድ 208 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሚደርስ ታወቀ። ፍጥነቱን በራሱ ሦስት ጊዜ አባዝቶ፣ በዙረቱ ጊዜ አባዝቶ፣ ለ2ፓይና ለስበት ቋሚ ቁጥር ማካፈል ነው። ውጤቱ የፀሐይ 6.08 እጥፍ ይሆናል። ይህ ወለሉ ነው፤ ምህዋሩ ያዘነበለ በመሆኑና የሚታየውም ኮከብ የራሱ ክብደት ስላለው፣ እውነተኛው ከዚህ ይበልጣል እንጂ አያንስም። ዛሬ 9 እጥፍ ገደማ ተብሎ ይገመታል። ኒውትሮን ኮከብ (የሞተ ከባድ ኮከብ እምቅ ቅሪት) ደግሞ ከፀሐይ 3 እጥፍ በላይ ራሱን መሸከም አይችልም። ተራ ኮከብ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ከጓደኛው እጅግ ደምቆ በታየ ነበር።

ስሌቱ የሚከሽፈው መስመሮቹ የማን እንደሆኑ በስህተት ሲታሰብ ነው። በ2020 ኤችአር 6819 በተባለ ሥርዓት ውስጥ፣ ከእኛ 1,000 የብርሃን ዓመት በሚሆን ርቀት፣ ብላክ ሆል ተገኘ ተባለ። በብርሃኑ ውስጥ ሁለት ኮከቦች ነበሩ፤ አንዱ በ40 ቀን ይዞራል፣ ሌላው የቆመ ይመስላል። የሚዞረው ቢያንስ የፀሐይ 5 እጥፍ የሚከብድ ተራ ኮከብ ነው ተብሎ ስለታሰበ፣ ይህን የሚያዞር ከባድ ስውር አካል የግድ አስፈለገ። ተጠራጣሪዎቹ ሌላ ንባብ አቀረቡ፦ የሚዞረው ኮከብ ውጫዊ አካሉ በጓደኛው የተገፈፈ፣ መልኩ የከባድ ክብደቱ የቀላል ነው፤ የቆመ የመሰለውም ያው ገፋፊ ጓደኛው ነው፣ ከባድ ስለሆነ ብዙም አይንቀሳቀስም። ፈተናው ግልጽ ነበር። ብላክ ሆል ካለ ሁለቱ ኮከቦች ተራርቀው መታየት አለባቸው፤ ከሌለ ተጠጋግተው። በቺሊ ያሉት ቴሌስኮፖች ተጣምረው ሲያዩ፣ በመካከላቸው የነበረው የምድርና የፀሐይ ርቀት ሲሶ ብቻ ነበር። በ2022 ሁለቱም ወገኖች ውጤቱን አንድ ላይ ሆነው አወጡ። ጥርጣሬ ዋጋ የሚኖረው እንዲህ ሲሆን ነው፤ የትኛው እርምጃ እንደተሳሳተና ምን ቢታይ እንደሚለይ ቁርጥ አድርጎ ሲናገር።

በጋላክሲያችን መሀል ያለውን የሚመዝነው ደግሞ ኤስ2 የተባለ ኮከብ ነው። በ16 ዓመት አንዴ ይዞራል፤ በ2018 እጅግ ሲቀርብ በሰከንድ ከ7,600 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዝ ነበር። ከዚህ የተገኘው መጠነ ቁስ የፀሐይ 4.3 ሚሊዮን እጥፍ ነው። ሆኖም ኤስ2 ያኔም ከአድማሱ ራዲየስ 1,400 እጥፍ ገደማ ይርቅ ነበር። የ2020 የኖቤል ሽልማት ኮከቡን ለተከታተሉት ለጌንዘልና ለጌዝ የተሰጠበት ምክንያት «እጅግ ግዙፍና እምቅ አካል» በማግኘታቸው እንጂ ብላክ ሆል በማግኘታቸው ተብሎ አልተጻፈም፤ ጥንቃቄው ልክ ነው።

በ2019 የወጣው፣ ኤም87 በተባለ ጋላክሲ መሀል ያለው የብላክ ሆል ምስል «ኮምፒውተር የፈጠረው ነው» ይባላል። ክሱ ውስጥ እውነት አለ፤ እንደ አንድ ትልቅ ቴሌስኮፕ የተጣመሩት ስምንት ቴሌስኮፖች የምድርን ያህል ስፋት ያለውን ሳህን መሙላት ስለማይችሉ፣ ከአንድ ልኬት ጋር የሚስማሙ ብዙ ምስሎች አሉ። ለዚህ ነው አራት ቡድኖች ሳይነጋገሩ ምስሉን ለየብቻ የሠሩት፤ ሶፍትዌሩም ቀዳዳ በሌለው ክብ ላይ ተፈትኖ ቀለበት እንደማይፈጥር የተረጋገጠው። በ2018 በተወሰደው ልኬትም ቀለበቱ በዚያው ስፋት ተገኝቷል፤ ደማቁ ክፍል ብቻ ዞሯል። ግን መሀል ያለው ጥቁር ጥላ ከአድማሱ 2.6 እጥፍ ይሰፋል። «አድማሱ ፎቶ ተነሳ» የሚል ሰው ከማስረጃው አልፎ ሄዷል።

ጠንካራው ጥርጣሬ ያለው ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ነው። ኒውትሮን ኮከብ ጠጣር ወለል ስላለው፣ የሚወርድበት ጋዝ ይከማችና በኒውክሌር ቃጠሎ ይፈነዳል፤ ፍንዳታው በኤክስሬይ ይታያል። ከ3 ፀሐይ በላይ በሚመዝኑት ላይ እንዲህ ያለ ፍንዳታ አልታየም። ወለል የላቸውም ማለት ነው? አብራሞቪችና ባልደረቦቹ በ2002 እንዳመለከቱት፣ ይህ ብቻውን አያረጋግጥም፤ ወለሉ ለአድማሱ እጅግ ቢቀርብ ከእሱ የሚወጣው ብርሃን ወደ ምንም በተጠጋ ነበር። ግራቫስታር የተባለው፣ በአድማስ ፈንታ ወለል ያለው ግምታዊ አካል የሚያመልጠው በዚህ በር ነው።

በሩን የሚያጠበው የስበት ሞገድ ነው፤ ከባድ አካላት ተዟዙረው ሲዋሃዱ በኅዋ ውስጥ የሚሰራጭ ንዝረት። በመስከረም 2015 የተያዘው ምልክት የፀሐይ 36ና 29 እጥፍ የሆኑ አካላት ተዋህደው 62 መሆናቸውን አሳየ፤ የቀረው 3 በሞገድ ወጣ። በ2017 የኮፐንሃገን ተመራማሪዎች ምልክቱን በያዙት ሁለት መሣሪያዎች ጫጫታ መካከል አጠራጣሪ መመሳሰል አለ አሉ፤ ልኬቱ ለሁሉም ክፍት ስለነበር ሌሎች በራሳቸው ዘዴ መርምረው ምልክቱን አገኙት። ከውህደቱ በኋላ አካሉ እንደ ተመታ ደወል ይርገበገብና ጸጥ ይላል። አድማስ ካለ ጸጥታው ዘላቂ ነው፤ በቦታው ወለል ካለ ግን ሞገዱ ነጥሮ እየደከመ በሚሄድ ማሚቶ መመለስ አለበት። በ2016 ማሚቶ አገኘን ያሉ ነበሩ፤ ኋላ በተደረጉ ፍተሻዎች አልጸናም።

የማሚቶው መዘግየት ወለሉ ከአድማሱ በሚርቀው መጠን ይወሰናል። ለ2015ቱ ምልክት፣ ወለሉ ከአድማሱ አንድ የፕላንክ ርዝመት (ከአቶም እጅግ እጅግ ያነሰ ርዝመት) ብቻ ቢርቅ፣ ማሚቶው በ0.3 ሰከንድ ገደማ ልዩነት መደጋገም ነበረበት። ስለዚህ ዛሬ አድማስን የሚጠራጠር ሰው «አላምንም» ብሎ ማቆም አይበቃውም፤ ወለሉን የት እንደሚያኖርና ማሚቶው ስንት ሰከንድ እንደሚዘገይ ቁጥር መስጠት አለበት።