ክፍል ተከራይቶ የቤቱን ካውንስል ታክስ መክፈል

«እህቴ፣ ኮንትራቱ ላይ ካውንስል ታክስ በተከራይ ነው ስለሚል መክፈሌ ግድ ነው አይደል?» ለንደን ውስጥ ሳስተረጉም እንደዚህ ጥያቄ ያሰለቸኝ የለም። ይባስ የሚያንገበግበኝ ሳይጠይቅ የከፈለው ሰው ብዛት ነው።

ግድ አይደለም። ካውንስል ታክስ ለአካባቢው አስተዳደር፣ ለካውንስሉ፣ በየቤቱ የሚከፈል ግብር ነው። እንግሊዝ ውስጥ ካውንስሉ ከፋዩን የሚለየው እ.ኤ.አ. በ1992 በወጣው ሕግ ነው፤ አከራዩ ውሉ ላይ የጻፋት መስመር እዚያ ቦታ የላትም። የሚታየው የተከራየኸው ምን እንደሆነ ነው። አምስት ሰው አምስት ክፍል በየራሱ ውል ተከራይቶ ኩሽናና መታጠቢያ ከተጋራ፣ የካውንስል ታክሱ ባለዕዳ የቤቱ ባለቤት ነው። ቢሉ በእሱ ስም ይወጣል፤ ካልተከፈለም ፍርድ ቤት የሚጠራው እሱ ነው። ወጪውን አስቦ ኪራዩን ሊተምን ይችላል። «ድርሻህን ትመልስልኛለህ» ብሎ አስፈርሞህ ከሆነም፣ ያ የሁለታችሁ ሒሳብ ነው። የካውንስሉን ዕዳ ግን በፊርማህ ወደ አንተ ሊያዞረው አይችልም።

ሰሜን ለንደን ምግብ ቤት ኩሽና የሚሠራ ልጅ ፖስታዎቹን በፌስታል ይዞ መጣ፤ ግማሾቹ አልተከፈቱም። ከቤቱ ሰው ሁሉ እንግሊዝኛ የሚሻለው እሱ ስለነበር አከራዩ ስሙን ለካውንስሉ ሰጥቶበታል። የዓመቱ ቢል ከ1,800 ፓውንድ በላይ ነው። ውሉን አውጣ አልኩት። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ከአድራሻው በላይ «ክፍል 3» ይላል። በሩ የራሱ ቁልፍ አለው፣ ኪራዩን ለብቻው ይከፍላል፣ ክፍል 2 ማን እንደሚገባ አንድም ቀን ያማከረው የለም። ያንን ገጽና የባንክ ወረቀቱን አያይዘን ጻፍን፤ ቢሉ ወደ ባለቤቱ ዞረ። ቀድሞ የከፈለውን የአራት ወር ገንዘብ ለማስመለስ ግን ክረምቱን ሙሉ ተመላልሷል።

«ክፍሌ ለብቻው ስለተመዘገበ ቢሉ የእኔ ነው» የሚሉም አሉ። ድሮ አንዳንድ ቤት ለታክሱ ክፍል በክፍል ይገመት ነበር። ከዲሴምበር 1 ቀን 2023 ወዲህ ግን እንግሊዝ ውስጥ እንዲህ ያለ የጋራ ቤት እንደ አንድ ቤት ነው የሚገመተው። አሁንም ለክፍልህ ብቻ ቢል ከመጣ ዝም አትበል።

ተቃራኒውም ስህተት አለ፦ «ሸር (የጋራ ቤት) ስለሆነ ባለቤቱ ይክፈል»። አራት ጓደኛሞች ቤቱን ሙሉ በአንድ ውል ከተከራያችሁ ከፋዮቹ እናንተ ናችሁ። «ድርሻዬን ከፍያለሁ» ማለትም አያድንም፤ አንዱ ጥሎ ቢጠፋ ካውንስሉ ሙሉውን ከቀሩት ከማንኛችሁም ሊጠይቅ ይችላል። ማን ስንት እንደሚያዋጣ ስትገቡ ተጻጻፉ፤ ወንድማማች ስለሆንን ያፍራል እየተባለ ስንት ወዳጅነት ሲፈርስ አይቻለሁ።

አከራይህ አብሮህ የሚኖር ከሆነ ቢሉ የእሱ ነው።

«ቤት ውስጥ ተማሪ ካለ ታክስ የለም» ስህተት ነው። ሁሉም የሙሉ ጊዜ ተማሪ ሲሆን ነው ነፃ የሚሆነው። አንዱ ሠራተኛ ከሆነ ከፋዩ እሱ ነው፣ በ25% ቅናሽ።

ቪዛው ላይ የመንግሥት ድጎማ የተከለከለበት ሰው ለብቻ ኗሪ የሚሰጠውን 25% ቅናሽ ለመጠየቅ ይፈራል። አትፍሩ፣ ይህ እንደ ድጎማ አይቆጠርም። በገቢ ማነስ የሚሰጠው የታክስ ቅነሳ ግን ይቆጠራል፤ ሁለቱን አታደባልቁ።

ጥገኝነት ጠይቃችሁ ሆም ኦፊስ (የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴሩ) በሰጣችሁ ቤት ስትኖሩ ካውንስል ታክስ አይመለከታችሁም። የመኖሪያ ወረቀት አግኝታችሁ የራሳችሁን ቤት ስትይዙ ግን ይጀምራል፤ ገቢያችሁ ትንሽ ከሆነ በዚያው ሳምንት ቅነሳውን አመልክቱ።

ቢሉ ያለቦታው መጥቷል ካላችሁ በስልክ አትጨቃጨቁ፤ የውሉን ቅጂ አያይዛችሁ ለካውንስሉ ጻፉ። እምቢ ካለ፣ ወይም በሁለት ወር ውስጥ መልስ ካልሰጠ፣ እንዲህ ያለውን የታክስ ክርክር ለሚያየው ችሎት፣ ለቫሉዌሽን ትራይቡናል፣ ይግባኝ ይባላል፤ ክፍያ የለውም። ይግባኙ እስኪታይ ድረስ ግን የቢሉ ቀን መቁጠሩን አያቆምም፤ ስለዚህ ፖስታውን በመጣበት ቀን ክፈቱት።